የሬይኖ ሁለት ጥንድ ጫማ

ሬይኖ ካንጋስ ዛፍ ላይ ከተሠራው የአደን ማማው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ፣ ጢሙ ላይ በረዶ ጋግሮ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ የመሰላሉ ሦስተኛ እርከን ተነቅሎ አጠገቡ ወድቋል። መሰላሉን በመስከረም የሠራው የሴት ልጁ ባል ጄረት ነበር። ሬሳውን ያገኘውም እሱው ነው፤ ካገኘው ወዲህ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ሚስቱ መርዶውን በስልክ ሰምታ ዘጋችበት፤ ከዚያ በኋላ ቢደውል ቢደውል አታነሳም።

የሸሪፍ ቢሮ መርማሪዋ አርዲስ ሆልም ከሟቹ ፊት አስቀድማ እግሩን ነው ያየችው። ትልልቅ ቦት ጫማዎች፣ ወፍራም የሱፍ ገበር ያላቸው። ጓንቷን አውልቃ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ገበሩ ደረቅ ነበር። የእግር ዱካ እንዳትፈልግ በረዶው እስከ ረፋዱ ጥሎ ሁሉን ደፍኖታል።

በአደን ጎጆው ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቋት። ጄረት አንገቱን ደፍቷል። የሬይኖ የሠላሳ ዓመት የአደን ጓደኛ ቨርን ሊንድ ትከሻውን አቅፎ «ሚስማር ሁሉ ይነቀላል፣ ልጄ። ማንም አይፈርድብህም» ይለዋል። የሬይኖ ወንድም ዌንደል ደግሞ የጆሮ መስሚያ መሣሪያውን እያስተካከለ ያጉረመርማል።

«እኔ ይሄን ሳወልቅ ጎጆው ቢፈርስም አልሰማ» አላት። «ስነቃ ማንም አልነበረም።»

«ትናንት ጠብ ነበር?»

«ምን ጠብ! እራት ላይ ሬይኖ ጎጆውን ወደ ጄረት ስም አዞራለሁ አለ። ቨርንም ሳቀና እንኳን ደስ ያለህ አለው።»

ጄረት በበኩሉ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጨለማ ወደ ራሱ ማማ መውጣቱን ነገራት። «አባባ ያኔ ቡና እየጠጡ ነበር። ገና በቤት ጫማ።»

ቨርንን ግን ስለ ሟቹ አልጠየቀችውም። አጠገቡ ተቀምጣ እግሯን ታሽ ጀመር።

«እስቲ ምከረኝ፣ ቨርን። ማማ ላይ አንድ ሰዓት ሳልቆይ እግሬ ይደነዝዛል። ምን ጫማ ልግዛ?»

የቨርን ፊት በራ። ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ ሐዘን እንኳ ለአፍታ ይለቀዋል።

«ከልክሽ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ። አንቺማ ካልሲ ደራርበሽ ጥርቅም አድርገሽ ታስሪያለሽ፤ ደም ካልተዘዋወረ ምን ሙቀት አለ? ጣትሽ ውስጡ ይጫወት። ገበሩ የሚወጣ ይሁን፣ ማታ ማታ እንዲደርቅ። ደግሞ እንዳትሄጂበት! እግርሽ ያልበዋል፣ ላቡ ይቀዘቅዛል፣ አለቀልሽ። በቀላል ጫማ ሂጂ፣ ትልቁን አንገትሽ ላይ አንጠልጥይ፣ ዛፉ ሥር ስትደርሺ ቀይሪ።»

«ሬይኖም እንዲህ ያደርግ ነበር?»

«ያስተማረኝ ማን ሆነና! ዛሬም ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዚህ በር ስሸኘው ቀላሉን ተጫምቶ፣ ትልቁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር።»

«አየኸው?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

አርዲስ አመሰገነችው። ከዚያ የእንጨት ማከማቻውን ስትፈትሽ ቆየች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ምድጃው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሬይኖ በትልቁ ቦት አልሄደም» አለች። «ግማሽ ሰዓት ዳገት ወጥቶበት ቢሆን ገበሩ በላብ ይርስ ነበር። እኔ ያገኘሁት ደረቅ ነው።»

«ዛፉ ሥር ቀይሮ ነዋ!» አለ ዌንደል።

«እኔም እንዲያ አልኩ። ታዲያ የወለቀው ቀላል ጫማ የት አለ? ዛፉ ሥር የለም።» ጎንበስ ብላ ከምድጃው ሥር ቡናማ ጫማዎች አወጣች። «የማን ናቸው?»

«የአባባ» አለ ጄረት። «ከትናንት ወዲያ ማታ እንዲደርቁ ያስቀመጧቸው።»

«ከዚህ ቤት አልወጡም ማለት ነው። በትልቁም በትንሹም ሳይራመድ ዛፉ ሥር የደረሰ ሰው ተጎትቶ ነው የሄደው። አጋዘን በሚጎተትበት መንሸራተቻ። አንዱን የቤት ጫማውን ማከማቻው ውስጥ ከእንጨቱ መሀል አገኘሁት፤ መፍለጫው ግንድ ላይ ደም አለ። እርከኑም ከሥሩ የመዶሻ ምት አለበት። የሰው ክብደት ወደ ታች ነው የሚጫነው፣ ወደ ላይ አይመታም። መሰላልህ ደህና ነበር፣ ጄረት።»

ጄረት ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እንግዲህ ሬይኖ በቀላል ጫማው ሲወጣ አየሁ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች አርዲስ።

ዌንደል ወደ ራሰ በራው ቨርን ዞረ። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ። የሳቀ የለም።

የቨርን ድምፅ እንደ በሽተኛ ሰለለ። «እንጨት ላመጣ ስወጣ ተከተለኝ። ‹ጎጆውን ለጄረት በመስጠቴ ትረዳኛለህ መቼም› አለኝ። ይሄን ጣሪያ አብረን ነው የመታነው! አብረን እናረጅበታለን ብሎኝ ነበር። ገፋሁት። ግንዱ ላይ ወደቀ፣ አልተነሳም።»

«ጫማውስ?»

«በቤት ጫማ በረዶ ላይ እንዴት ልተወው? ብርድ እንዳያገኘው... ትልቁን አደረግኩለት።»

«መሰላሉንስ?» አለ ጄረት። «ጥፋቱን በእኔ ላይ ጥለው፣ መልሰው እኔኑ ያጽናኑኛል? አባቴን ያህል አምኜዎት!»

በእውነት ከዚያ እቅፍ የከፋ ክህደት አይገኝም፤ ዌንደል እንኳ ቨርንን ሊያየው ተጸይፎ ፊቱን አዞረ።

አርዲስ ቀጣዩን ባትናገር በወደደች። «አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጠዋት ደውሎልኛል። ሬይኖን የገደለው ምቱ አይደለም፣ ብርዱ ነው። ጫማውን ስታደርግለት ይተነፍስ ነበር፣ ቨርን። ከዚያም በኋላ አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ሁለት።»

ቨርን ወንበሩን ጨበጠ። ጄረት ተነሥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«የእኔ ማማ እኮ ከአባባ ማማ አራት መቶ እርምጃ ነው» አለው። «አንድ ጊዜ ብትጠራኝ እመጣልህ ነበር።»