የታማጎን ዓሦች ባለውለታ

በበርማውያን አቆጣጠር በ1247 ዓመት፣ በካሶን ወር፣ ከማንደሌ በታች በኢራዋዲ ወንዝ ዳር ያለችው የታማጎን ከተማ በሐሩር ትነድ ነበር፤ የሩዙ ማሳ ተሰነጣጥቆ፣ ኩሬው ሁሉ ጭቃ ሆኖ፣ በጭቃው ውስጥ የቀሩት ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ሞታቸውን ይጠብቁ ነበር። በዚህ ወር የታማጎን ሰው ማሰሮውን ይዞ ወደ ኩሬ ይወርዳል፤ ሊሞት ያለውን ዓሣ ከጭቃው ይለቅማል፤ በከበሮና በጭፈራ ተሸክሞም ወንዝ ይለቀዋል። ነፍስ ሁሉ ከሕይወት ወደ ሕይወት ስትዞር የኖረች ናትና፣ ያ በማሰሮ የተያዘ ዓሣ በሌላ ዘመን የተሸካሚው እናት እንዳልነበረ ማንም ሊምል አይችልም።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የምትቀድመው ማ ሚያ ጋሌ የምትባል ሐር ሸማኔ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ምላሷ የማይቻል ሴት። ማሰሮ ይዛ ኩሬ የወረደች የመጀመሪያዋ የታማጎን ሰው እሷ ናት ይባል ነበር፤ እሷም ይህን ሲባል መስማት ከምግብ አስበልጣ ትወድ ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሌላ የሚባልላት ነገር አልነበራትም።

በዚያ ዓመት ግን ታናሽ እህቷ ማ ሼን ቲን ከማንደሌ መጣች። ማ ሼን ቲን የእንጨት ነጋዴ ሚስት ናት፤ መልኳ ያማረ፣ እጇ የተፈታ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። ከእሷ በቀር የእናታቸው ዓይን ማንንም አያይም ነበር፤ ማ ሚያ ጋሌ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ በአንጀቷ ይዛ ኖራለች። አሁን ደግሞ ያቺው እህት ሙዚቀኞች ቀጥራ፣ በአበባ ያጌጡ ጀልባዎች አሰልፋ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አስከትላ ኩሬውን ሁሉ አስለቀመችና ዓሦቹን በአንድ ቀን ወንዝ አስገባቻቸው።

በታማጎን ሕግ የሌላውን በጎ ሥራ ያየ ሰው «ሳዱ! ሳዱ! ሳዱ!» ይላል፤ መልካም ሆነ ማለት ነው፤ ደስ ብሎት ያለ ሰውም የዚያው በጎ ሥራ ተካፋይ ይሆናል። ምንም አያስከፍልም፤ አፍ መክፈት ብቻ ነው። ወንዙ ዳር የቆመው ሕዝብ ሁሉ ሳዱ አለ። ማ ሚያ ጋሌ ግን ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

ማ ሼን ቲን እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነ መጥታ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ፣ አየሽልኝ? አንቺን እያየሁ ያደግሁት እኮ ነው!»

«አየሁ። ጀልባውን ሁሉ አየሁ። ዓሦቹ ሙዚቃ ይወዳሉ ብሎ የነገረሽ ማነው?»

«ኧረ እትዬ! አንድ ሳዱ እንኳን አትዪልኝም?»

«ጉሮሮዬን አሞኛል» አለችና ባዶ ማሰሮዎቿን አንሥታ ሄደች። ጉሮሮዋን ምንም አላመማትም፤ ደሟ ፈልቶ ነበር።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ ሌላ ነው። የገዳሙ አለቃ ሰያዶ ኡ ቲሎካ ለቤተ መንግሥት ባቀረቡት ልመና መሠረት፣ በካሶን ሙሉ ጨረቃ ቀን ዉን የሚባል ማዕረግ ያላቸው የንጉሥ መልክተኛ መጥተው የታማጎንን ሐይቅ መረብና መንጠቆ የማይገባበት፣ ፍጥረት ሳይፈራ የሚኖርበት ሥፍራ ብለው ሊያውጁ ነበር፤ በዓዋጁ ድንጋይ ላይም በዚያ ቀን በዓሣ መልቀቁ ሥርዓት ከሁሉ በልጦ የሚገኘው ሰው ስም ይቀረጻል ተባለ። ከተማው ሁሉ የማ ሼን ቲንን ስም ይጠራ ጀመር። ማ ሚያ ጋሌ ይህን ስትሰማ ሽመናዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ክሩን ሁለት ጊዜ በጠሰችው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጭቃ የገባሁት እኔ! ድንጋዩ ላይ የምትወጣው እሷ!» አለች ለብቻዋ።

ኩሬዎቹ ባዶ ናቸው። ያልተነካው ሐይቁ ብቻ ነው። በነጋታው ማለዳ ኡ ፖ ቱ የሚባለውን ዓሣ አጥማጅ ከጎጆው በር ላይ አገኘችው።

«ንጋያን የሚባሉትን ትልልቅ ዓሦች ከሐይቁ አውጣልኝ፤ በሕይወት። በጨረቃዋ ቀን ወንዝ እለቃቸዋለሁ።»

ኡ ፖ ቱ ሳቁ መጣበት። «ዘመንሽን ሙሉ በመንገድ ስታልፊ ገዳይ እያልሽኝ፣ ዛሬ ደጄ መጣሽ? እሰይ! ግን አሁን አይሆንም፤ ካፊያው ከጣለ ወዲህ ወልደዋል። ቀዩ መንጋ በውኃው ላይ ሲንሳፈፍ አላየሽም?»

አይታለች። ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ንጋያን ከነባለቤቱ ልጆቹን ይጠብቃል፤ ገና ያልጠነከሩት ልጆች ቀይ ሆነው እንደ ኳስ ተሰብስበው ሲዋኙ፣ አባትና እናት ከሥራቸው ሆነው የቀረበውን ሁሉ ይነክሳሉ። ለሰፈሩ ልጆች «ቀዩ መንጋ ካለበት ድርሽ እንዳትሉ!» ብላ ያስተማረች እሷው ነበረች።

«ለመያዝ ግን ይቀላሉ አይደል?» አለችው።

ኡ ፖ ቱ መረቡን ማጠፍ ጀመረ። «ይቀላሉ። ከልጆቻቸው አይሸሹማ።»

«እንግዲያው አውጣልኝ። እኔ አንድም ነፍስ አልገድልም፤ ከሐይቅ ወደ ወንዝ ነው የምወስዳቸው። ወንዙ ይሰፋቸዋል።»

«እንዳልሽ» አለ ኡ ፖ ቱ፤ «ኃጢአቱን ግን እኔ ጋ እንዳታስቀምጪው፤ የራሴው ይበቃኛል።»

በጨረቃዋ ቀን ዉኑ በወርቅ ዣንጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ሰያዶው ከመነኮሳቱ ጋር ተሰልፈው፣ ሕዝቡ በቅዱሱ የቦ ዛፍ ጥላ ሥር ተጨናንቆ ሳለ ማ ሚያ ጋሌ መጣች። ከኋላዋ በረድፍ የሚጓዙ ጋኖች፤ በየጋኑ ውስጥ የሰው ክንድ የሚያህል ዓሣ ከነጥንዱ። እንዲህ ያለ ዓሣ ሲለቀቅ ታይቶ አያውቅም ነበር። ማ ሼን ቲን ለዚህ ቀን ያስቀረቻቸውን ትንንሽ ዓሦች የያዙት ማሰሮዎች ከዚያ አጠገብ የሕፃን መጫወቻ መሰሉ። ዉኑ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «የዚህች ሴት ስም ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ማ ሚያ ጋሌ እንደ ሥርዓቱ ውኃ በመሬት ላይ እያፈሰሰች በጎ ሥራዬን ለፍጥረት ሁሉ አካፍያለሁ የሚለውን ቃል ስትደግም፣ ዓይኗ እህቷ ላይ ነበር። እህቷ ስትገረጣ ለማየት ጠበቀች። ማ ሼን ቲን ግን እጆቿን ግንባሯ ላይ አጋጥማ «ሳዱ! ሳዱ! ሳዱ!» አለች፤ ከሕዝቡ ሁሉ ድምፅ የእሷ ጎልቶ ተሰማ፤ እንባዋም ይወርድ ነበር። ከልቧ ደስ ብሏት ነው። ይህን ያየችው ማ ሚያ ጋሌ ድል ማድረጓ ምንም ሳይጣፍጣት ቀረ፤ እንዲያውም ቅናቷ ጨመረ፤ በዚህም በለጠችኝ አለች።

በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ወረደች። ቀዩ መንጋ ተበትኖ ነበር። ጠባቂ የሌላቸውን ልጆች ከላይ ወፉ፣ ከታች ሌላው ዓሣ ይለቅማቸዋል፤ ውኃው ገጽ ላይ ጥቂት ቀይ ነጥቦች ወዲያና ወዲህ ሲሉ ይታያሉ፤ ጥቂት ቆይቶም እነሱ ጠፉ። ማ ሚያ ጋሌ ድንጋይ እየወረወረች ወፎቹን ልታባርር ሞከረች። ወፎቹም የራሳቸው ልጆች አሏቸው።

እያለቀሰች ወደ ገዳሙ ወጣች። ሰያዶው በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሰገደችላቸውና ሁሉን ነገረቻቸው።

«ሰያዶ፣ አንዱንም በእጄ አልገደልሁም። ሁሉንም በሕይወት ነው የለቀቅኋቸው።»

«ውኃውን ስታፈሺ ማንን ታስቢ ነበር?»

«እህቴን።»

«በፍቅር?»

«እንድትቃጠል ብዬ።»

ሰያዶው ወደ ሐይቁ አመለከቱ። «አንቺ ሸማኔ ነሽ፤ አንድ ክር ብትስቢ ጨርቁ ምን እንደሚሆን እኔ አልነግርሽም። ዓሣው ብቻውን አይኖርም፤ ከልጁ፣ ከሣሩ፣ ከጭቃው ጋር ነው የሚኖረው። አንቺ ግን እንደ ጌጥ ነቅለሽ አወጣሽው።»

«እንግዲያው ለዉኑ ይንገሩልኝ፤ ስሜን ከድንጋዩ ያውጡት።»

«የማንን ስም ያስገቡ?»

ማ ሚያ ጋሌ አንገቷን ደፋች። «የፈለጉትን ያስገቡ፤ የእሷን ብቻ አይሁን።»

ሰያዶው አዘኑ፤ ፈገግም አሉ። «እውነቱን መናገርሽ ደግ ነው። ሂጂና መጀመሪያ ቅናቱን ጨርሺው።»

ሳትጨርሰው ዓመቱ ተገለበጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ የባዕድ የጦር መርከቦች ኢራዋዲን ሽቅብ ወጡ፤ ማንደሌ ተያዘች፤ ንጉሡም ከነንግሥቲቱ ወደማያውቁት አገር ተጋዙ። የማ ሼን ቲን ቤት በሽፍታ ተዘረፈ፤ እሷም ወደ እህቷ ስትሸሽ በመንገድ ላይ በወባ ሞተች። ማ ሚያ ጋሌ ሬሳዋን በጀልባ ተቀበለች። በቀብሩ ላይ ውኃው ሲፈስስ ከሁሉ ቀድሞ የተሰማው ሳዱ የእሷ ነበር፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ደጋገመችው።

ሐይቁ ግን አላገገመም። አዲሶቹ ገዢዎች የንጉሡን ዓዋጅ አላከበሩትም፤ ሐይቁ ለተጫራች ተሰጠ፤ የታማጎን ሰው ዓሣው ሲጠፋ ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ ጫነ። ማ ሚያ ጋሌ እስክታረጅ ድረስ «አይደለም፤ የጀመርሁት እኔ ነኝ፤ ወላጆቹን ከልጆቻቸው ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በቅናት!» ብላ ላገኘችው ሁሉ ተናገረች። ሰው ሰምቶ ተደነቀ። «እንዴት ያለች ትሑት ናት!» አለና ለትሕትናዋ ሳዱ አለላት።

ድንጋዩ ዛሬም ቆሟል፤ ለሐይቁ ፍጥረታት ሁሉ አለመፍራትን የሰጠች ማ ሚያ ጋሌ ይላል። የታማጎን ሰዎችም አልረሷትም። በየዓመቱ በካሶን ሙሉ ጨረቃ ቀን፣ ለእሷ መታሰቢያ ይሁን ብለው፣ በሐይቁ ከተረፉት ንጋያን ትልልቆቹን በጥንድ በጥንድ አውጥተው ወንዝ ይለቃሉ።