አብሮት የመጣው

ይህ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የሆነ ነው። ማመን አለማመኑን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ዘመኑ 1955፣ ወሩ ሐምሌ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሙ ክሊኒኩን ውጦታል...

የግርሻ ትኩሳት አገሩን ከያዘ ወዲህ በክሊኒኩ ድሬሰር በተክለጻድቅ ዓይን እንቅልፍ አልዞረም። ወንበሩ ላይ እንዳለ ሸለብ ሲያደርገው በሩ ተበረገደ።

እታገኝ ነበረች። ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ባሏን፣ አንጥረኛውን ኃይለመስቀልን፣ ተሸክማ ገባች።

"ብርዱን ፈርቶ በሩን ዘግቶ ሲሠራ ነበር" አለች እያለከለከች። "የወርቅ መቀቢያው ላይ አሲድ ተደፋበት። በሩን ሰብረን አወጣነው።"

ሳያናይድ... የመቀቢያው መርዝ፤ አሲድ ሲነካው ጢሱ ይገድላል።

ትንፋሹ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ፊቱ ግን ቀልቷል። ከእርሻ የተመለሰ ጤነኛ ይመስላል።

ማርከሻው መደርደሪያው ላይ ነበር። አንድ ሐኪም "አንጥረኛ ባለበት አገር አይጥፋ" ብሎ የተወው ነው። የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ።

ተክለጻድቅ መርፌውን ደም ሥሩ ላይ ተከለ። ወደ መርፌው የተመለሰው ደም ፍም ይመስላል። የሚሞት ሰው ደም እንዲህ አያምርም፣ አለ በልቡ።

መድኃኒቱን ቀስ... ቀስ እያደረገ ገፋው። ከቸኮለ የሰውየው ልብ ይቆማል።

"እየሞተ ነው?" አለች እታገኝ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ። ራሱን ያዢው።"

የማርከሻውን ሁለተኛ መድኃኒት አስከተለ።

የፊቱ ቅላት ጠፍቶ አመድ መሰለ። ከዚያ... አንድ ረጅም ትንፋሽ። ደግሞ ሌላ። ዓይኑን ገለጠ።

እታገኝ ተደፍታ መሬቱን ሳመች።

ኃይለመስቀል ግን አጠገቡ ያለው ባዶ አልጋ ላይ አፍጥጧል።

"እሱንስ አልወጋኸውም?"

"ማንን?"

"አብሮኝ የመጣውን።"

"ከአንተ ሌላ የመጣ በሽተኛ የለም።"

"እንዲያ አትበል" አለ፣ ዓይኑን ከአልጋው ሳይነቅል። "ይሰማሃል..."

ተክለጻድቅ መርፌውን ሰበሰበ። መርዙ ነው የሚያስቀባጥረው ብሎ ተወው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አራት ጎበዞች ሊወስዱት ቃሬዛ ይዘው መጡ። ኃይለመስቀል ቃሬዛውን አየና ፈቀቅ አለ።

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

ሚስቱን ተደግፎ ቀድሞ ወጣ።

ጎበዞቹ ባዶውን ቃሬዛ ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። አንደኛው አቃሰተ። እርስ በርስ ተያዩ... ቃሬዛውን አነሱት።

ተክለጻድቅ ደጃፉ ላይ ቆሞ በዓይኑ ሸኛቸው።

አራቱም ወገባቸው ጎብጧል። የቃሬዛው ጠፍር ሰው እንደተኛበት መሐሉ ላይ ወደ ታች ረግቧል።

ጥቂት እንደሄዱ ጉሙ ውስጥ ቆሙ...

ትከሻ ቀየሩ።