የአያ ሲሳይ ማርሚታ የተገጠመ ዕለት

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ «ጥላ ታየኝ»፣ «ሙት አናገረኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ፊት ለፊቱ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ሚስቴ እንኳ ተው ደሳለኝ፣ የላስታ ሰው ሆነህ እንዲህ አትናገር እያለች ስንቴ ተቆጥታኛለች፣ እኔ ግን መካኒክ ነኝ፣ መኪና ውስጥ የሆነ ነገር ከጮኸ የላላ ቡሎን አለ ማለት ነው፣ አለቀ። እንግዲህ ይህን ሲል የኖረ ሰው ነው የሚያወራህ፣ ብትስቅብኝም አልቀየምህም።

አያ ሲሳይን እኛ ሰፈር የማያውቅ የለም። በዚያች አሮጌ ላንድሮቨሩ ከሙጃ ገበያ እህልና ሰው ሲያመላልስ፣ ለንግሥ ቄሶችን ነአኩቶ ለአብ ሲያደርስ የኖረ ሹፌር ነው፣ መኪናዋ አርጅታ ከቆመች በኋላም ሊሸጣት አልወደደም፣ በቅርቡ እኔ ጋራዥ አስጎትቶ አመጣትና እንደ ጥንቷ አድርግልኝ አለኝ። አብረን ሞተሯን አወረድን፣ ፍሬኗን አደስን፣ የዛገ ላሜራዋን ለወጥን፣ የቀረን ዋናው ነገር ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫዋ፣ ነበር። እኔ ደግሞ ለመገላገል ብዬ ከጭነት መኪና የወለቀ ማርሚታ ቆርጬ በየድኩላት፣ ስናስነሳት አገሩን አናወጠችው፣ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች፣ ጭሱም ተመልሶ ውስጥ ይገባል፣ አያ ሲሳይ ጆሮውን ይዞ ሳቀብኝ። ይቺ የኔ መኪና አይደለችም አለ፣ እማሆይ በድምፅዋ ነው የሚያውቁኝ፣ በዚህ ጩኸት ብመጣ በር አይከፍቱልኝም።

እማሆይ በለጡ እናቱ ናቸው፣ ከመነኮሱ ቆይተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ቤታቸው ከመንገዱ ኩርባ በላይ ነው፣ አያ ሲሳይ ኩርባው ላይ ሲደርስ እግሩን ከነዳጁ ሁለቴ ለቀቅ ያደርጋል፣ ማርሚታው ቡፍ፣ ቡፍ ይላል፣ እሳቸውም ልጄ መጣ ብለው ይነሳሉ፣ ይህን ስንት ዘመን ሰምተናል። ትክክለኛው ማርሚታ ካልተገኘ ያ ድምፅ አይመጣም፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ወረደ፣ ሶማሌ ተራ ፈልጎ ፈልጎ ከሞተሩ እስከ ኋላው ሙሉውን፣ ከነማንጠልጠያ ጎማው አገኘና በአውቶቡስ ላከልኝ። ራሱ ግን ሆዴን ልታከም ብሎ ቀረ፣ ማርሚታው በደረሰ ማግስት ሞቱ ተደወለልን፣ መንገዱ አልመች ብሎ እዚያው ቀበሩት።

የእማሆይ የንስሐ አባት መምሬ አድማሱ ሰበሰቡን። የእማሆይ ልብ ደካማ ነው፣ ብቻቸውን ሆነው ከሰሙ ክፉ ይሆናል አሉን፣ መርዶው እሑድ ማለዳ፣ ልጃቸው ከሙጃ ከመጣች በኋላ፣ ሰው ከብቧቸው ይነገራል፣ እስከዚያ ጥቁር የሚለብስ፣ ፊቱን የሚያጠቁር፣ በደጃቸው የሚያለቅስ እንዳይኖር። ወደኔም ዞረው ልጅቱን በወንድሟ መኪና አምጣት አሉኝ፣ እኔም እሺ አልኩ፣ እንባዬን ውጬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

እመነኝ፣ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። የዛጉትን ቡሎኖች ናፍጣ አጠጥቼ አሳደርኩ፣ መጋጠሚያው ጭስ እንዳያሾልክ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባሁ፣ ሁሉንም ላላ አድርጌ ሰቀልኩት፣ አንዱን ቀድመህ ካጠበቅኸው ሌላው ይጣመማላ፣ ከነዳጅ ታንከሩ መራቁን፣ ሻንሲውን አለመንካቱን በእጄ እየዳሰስኩ አየሁ፣ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ እያልኩ አጠበቅሁ። አስነስቼ የቱቦውን ጫፍ በጨርቅ አፈንኩት፣ የሚያሾልክ ካለ ያፏጫል። አላፏጨም፣ ነገር ግን ከጋቢናው፣ ከሹፌሩ ጎን ካለው ወንበር፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ቀና ብዬ አየሁ፣ ማንም የለም። ቱቦው ሲሞቅ እንዲህ ያደርጋል አልኩ፣ ለራሴ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ አሁን ሳስበው ማንን ሳስረዳ እንደነበር አላውቅም።

ማርሚታ ደግሞ ዳገት ላይ ካልፈተንከው አይታመንም። አርብ ነው፣ ጾም ነው፣ ቅዳሴው ወደ ማታ ነው የሚወጣው፣ እማሆይ ደግሞ ቅዳሴ አይቀሩም፣ ቤታቸው ባዶ ነው ብዬ አስልቼ በእሳቸው ዳገት ያዝኳት። ሌላ ዳገት ግን ሞልቶ ነበር። ደግሞ ምን ያህል ደስ ብሎኝ እንደነበር ልንገርህ፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ያው የጥንቱ ድምፅ፣ ሰውየው ሞቶ እኔ በሥራዬ ተኩራርቼ ፈገግ እያልኩ ነበር የምነዳው። ኩርባው ላይ ስደርስ እግሬ ነዳጁን እንደረገጠ ነው፣ ማርያምን አላነሳሁትም፣ መኪናዋ ራሷ ሁለቴ ለቀቅ አደረገች። ቡፍ፣ ቡፍ።

ልመለስ ብል እዚያ መንገድ ላይ መዞሪያ የለም፣ አንደኛው ወገን ገደል ነው፣ ወደ ላይ መውጣት ግድ ሆነ። ስወጣ እማሆይ በለጡ ምርኩዛቸውን ይዘው መሀል መንገድ ላይ ቆመዋል፣ ለካ እግራቸውን አሟቸው ቅዳሴ ቀርተዋል። አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁ፣ የሚሰማው ቱቦው ሲበርድ የሚያሰማው ቀጭ፣ ቀጭ ብቻ ነበር። እሳቸው በኔ በኩል አልመጡም፣ ኮፈኑን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዞረው በጋቢናው መስኮት አንገታቸውን አስገቡ።

«መጣህ ልጄ» አሉ፣ ወደ ባዶው ወንበር።

ብቻዬን ነኝ እማሆይ ማለት ነበረብኝ። እሳቸው ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ እሺ ይላሉ፣ ደግሞ ያዳምጣሉ፣ እህትህስ ታውቃለች ብለው ጠየቁ፣ ደግሞ እሺ አሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ነበር። በመጨረሻ አንገታቸውን አወጡ፣ ያኔ ነው ወንበሩን ያየሁት፣ ስፖንጁ ሰው ሲነሳለት ቀስ ብሎ እንደሚነፋ ሁሉ ከፍ አለ። በሩ አልተከፈተም፣ መቆለፊያው ገና ስላልተገጠመ በሽቦ አስሬው ነበር።

«በል ሂድ ደሳለኝ» አሉኝ። «መምሬን እሑድ አይልፉ በላቸው። ራሱ ነግሮኛል።»

እሑድ የምትለውን ቃል ማንም አልነገራቸውም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ምርኩዛቸውን እየጎተቱ ገቡ።

መኪናዋን እዚያው ትቼ እየሮጥኩ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መምሬን ከቅዳሴ ሲወጡ ጠራሁ፣ ጎረቤቱም ተከትሎን መጣ፣ እማሆይ መሬት ላይ ቁጭ ብለው በለሆሳስ ያለቅሳሉ፣ ልባቸው እግዚአብሔር ይመስገን ችሎ ነበር። መምሬ ወደኔ ዞሩና ማን ነው የነገራቸው አሉ። ምን ልበል፣ እስቲ አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር፣ በሰው ስስቅ ኖሬ ሟቹ ነው የነገራቸው ልበል?

«አምልጦኝ ነው አባቴ» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አለ አንዱ ከኋላዬ፣ መምሬም እንዲህ ያለ ሰው ምሥጢር አይሰጠውም ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ይሁን፣ እሱን እችለዋለሁ፣ ሰው ሐሜት ይሰለቻል። ያልቻልኩት ሌላው ነው፣ እማሆይ ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ ልጄ ራሱ መጥቶ ተሰናብቶኛል፣ ደሳለኝ ከጎኑ ነበር፣ ጠይቁት ይላሉ፣ ሰው ሁሉ ወደኔ ያያል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ምን ይደረግ፣ በሐዘን ዞረባቸው ተባለ፣ ከሙጃ የመጣችው ልጃቸው እንኳ በቃ እማሆይ፣ ሰው ይስቃል እያለች አፋቸውን ታስይዛቸዋለች።

በሠልስቱ በድንኳኑ መሀል አስጠሩኝ። እጄን ያዙ።

«ያለኝን ሰምተሃል አይደል? ንገራቸው እንጂ ልጄ።»

እንዳልዋሽህ፣ ሰምቼ ነበር። ሁሉንም አይደለም፣ አንገታቸውን ሊያወጡ ሲሉ አንዲት ነገር ብቻ፣ በአያ ሲሳይ ድምፅ፣ ልክ አሁን አንተን እንደማናግርህ በቅርብ። «ካላመኑዎት ደሳለኝ ይመስክርልዎ» ነበር ያለው።

«እኔ ምንም አልሰማሁም እማሆይ» አልኩ፣ ያን ሁሉ ሰው ፈርቼ።

እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት።

«እሱ ግን አምኖህ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ደጃቸው አልደረስኩም፣ በምን ፊቴ? ላንድሮቨሯን ሌላ ሰው ነድቶ ግቢያቸው አቆመላቸው፣ እኔ በታችኛው መንገድ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው፣ በዚያም በኩል ቢሆን መኪና ከኋላዬ በመጣ ቁጥር ዞር ብዬ ጋቢናው ላይ ማን እንደተቀመጠ ሳላይ አላሳልፍም።