የእናቴ ክፍል በር

የምትስቁ ሳቁ... እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር።

ግን የሆነ ነገር ነው። ዛሬ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ።

ቤታችን ከከተማ ወጣ ያለ ገጠር ውስጥ ነው። እናቴን ጉልበቷ አስቸገራትና ደረጃ መውጣት አቃታት። ስለዚህ ቤቱን ሳድስ ከሳሎኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ቀጠልኩላት።

እዚህ ጭር ያለ ሜዳ ላይ ማን የግንባታ ፈቃድ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። ይጠይቃሉ! ፕላን አምጣ፣ የጎረቤት ፊርማ አምጣ፣ ሳናይ እንዳትለስን...

እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ባለሙያ ማን ይጠብቃል? ፕላኑን በማስመሪያ ራሴ ሳልኩት። ማህተም ተመታበት። ክፍሏ ተሠራች፣ እናቴም ገባችባት።

ትናንት ከግንባታ ፈቃድ ቢሮው ተቆጣጣሪ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ፕላኑን ዘርግቶ ክፍሏን ዞረ... ዞረ... መጨረሻ ላይ በሩ ጋ ቆመ።

"ይሄ ፕላኑ ላይ የለም።"

አየሁት። እውነትም የለም። አራት ግድግዳ፣ አንድ መስኮት... በሩን ረስቼዋለሁ! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ።

"ጌታዬ፣ በር የሌለው ክፍል አለ እንዴ?" አልኩት እየሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም።

"ያልተሳለ አልተፈቀደም" አለ። "ይስተካከላል።"

ዛሬ ጠዋት ሚስቴ ፕላኑን ልታሻሽል ወደ ቢሮው ሄደች። እኔ ለእናቴ ምሳ ይዤ ስገባ ትከሻዬ የበሩን መቃን ታከከው።

ትናንት ሰፊ አልጋ ያስገባንበት በር ነው።

መቃኑን ዳሰስኩት። እርጥብ ልስን... ማንም አልለሰነም።

"እማዬ፣ ተነሽ እንውጣ" አልኳት በሹክሹክታ።

"ምን ሆንክ አንተ ልጅ? ምሳዬን ልብላበት እንጂ!"

ደግፌ አነሳኋት። ዞር ስል... ልሙጥ ነጭ ግድግዳ።

በር የለም።

በጡጫ ደበደብኩት። በወንበር መታሁት፣ ወንበሩ ተሰበረ። የመስኮቱ ብረት ከእጅ በላይ አያሳልፍም። ሌባ ፈርቼ ራሴ ነኝ ያስበየድኩት። ጮህኩ... ማን ይስማኝ?

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ልጄ... ትንፋሽ አጠረኝ።"

እዚህ ብትሞትብኝስ? እኔ ነኝ ያስገባኋት።

ሚስቴ ጋ ደወልኩ።

"በሩን አስፈቅጂ! አሁኑኑ!"

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ?"

"በእናትሽ አትጠይቂኝ! ፕላኑ ላይ በር ይሳሉበት!"

ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ። አንድ ሰው ሲያጉረመርም... ከዚያ ማህተም። ዷ!

"አለቀ!" አለችኝ። "ተቆጣጣሪው ራሱ ሳለልን፣ እግዜር ይስጠው።"

ቀና አልኩ።

በር አለ! ቡናማ፣ እጀታ ያለው፣ ድሮም እዚያው የነበረ የሚመስል።

"ተመስገን!" አለች እናቴ። እኔ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ግን... በሩ የወጣው በሳሎኑ በኩል አይደለም። በሜዳው በኩል ነው፣ ከመስኮቱ አጠገብ።

መውጫ ከሆነ ምን ቸገረኝ ብዬ እናቴን ደግፌ ሄድኩ። በዚያ በኩል ደረጃ አልሠራሁም፣ እንዳትወድቅብኝ ብዬ መጀመሪያ ስልኬን በመስኮቱ ብረት መሃል አሹልኬ ውጭውን ፎቶ አነሳሁ።

ፎቶው ይኸው ስልኬ ላይ አለ። ሜዳው ይታያል፣ ፀሐዩም። የቤቴ ግድግዳ ከውጭ በኩል ድፍን ነው። ምንም በር የለበትም።

እጀታውን አልነካሁትም።

ሚስቴ መንገድ ላይ ናት። እኔና እናቴ አልጋው ጥግ ተጣብቀን ተቀምጠናል። እንዳልጮህ እናቴ አፌን በመዳፏ ይዛኛለች፣ እኔ በአንድ እጄ እየጻፍኩላችሁ ነው።

ከበሩ ወዲያ አንድ ሰው... ቀስ ብሎ... ሊገባ እንደሚል እንግዳ... ጫማውን እየጠረገ ነው።