ታጥቦ የሚገባው አባት

ሌላ አባት ከሥራ ሲመለስ ልጁ ሮጣ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። የዚህ ቤት አባት ሲመጣ ግን ልጁ ትሸሻለች። ጠልታው አይደለም፤ እንዳይገድላት ነው! ሰውየው ኦቾሎኒ እየቆላ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ገበያው ጥግ ባለችው ጠባብ ሱቁ፣ ሰፊውን ብረት ምጣድ ሲያገላብጥ ይውልና ልብሱም ጸጉሩም፣ ጥፍሩ ሥር ሳይቀር፣ ልጣጭና ብናኝ ይዞ ይመጣል። አንድ ልጁ ደግሞ፣ የፊት ጥርሷ ክፍት ስለሆነ «ፍንጭቴ» እያለ የሚጠራት፣ ኦቾሎኒ የማይስማማት፣ በዚያ ላይ አስም ያለባት ልጅ ናት። ገና በእቅፍ ሳለች በጣቱ ጫፍ ቢያቀምሳት ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። እንጀራው ለልጁ መርዝ ሆነ! ሌላ ሥራም ሞክሮ ነበር፤ ጥበቃም ሸክምም። ግን ከአባቱ የወረሰው እጅ ሌላ ነገር አልለምድ ብሎት ወደ ምጣዱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ከደጃፉ ቧንቧ ሥር ሳይታጠብ ቤቱን ረግጦ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የቤት ልብሱን በክንዷ አንጠልጥላ በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ፍንጭቴ ደግሞ ከመስኮቱ መስታወት ጀርባ ቆማ እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ትፈትሸዋለች።

«አባዬ፣ ጆሮህን ረሳህ!»

«ጆሮዬ ምን አጠፋ?»

«ውስጡ ተደብቆ ቢሆንስ? እጠበው!»

ይታጠባል። ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ነው የምታቅፈው፣ ሳሙና ሳሙና ሲል። እሱ ግን ልቡ የሚመኘው ሌላ ነበር፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከሥራ እንደወጣ፣ ከነላቡ ከነአቧራው ልጁን ማቀፍ። እሷም ሱቁን አይታ አታውቅም። «መቼ ነው የምታሳየኝ?» ትለዋለች፤ «ስትድኚ» ይላታል። ይህ ብዙ መመኘት ነው ትላላችሁ?

ታዲያ አንድ ቀን የአስም ሐኪሟ ለእናትየው አዲስ ወሬ ነገረቻት። ኦቾሎኒ የማይስማማቸውን ልጆች በራሱ በኦቾሎኒ ለማዳን ምርምር ተጀምሯል፤ ከአቧራ ባነሰ መጠን ጀምሮ ቀስ እያሉ ሰውነትን ማለማመድ። ባልና ሚስት ልጃቸውን መሃል አድርገው ወደ ሐኪም ቤቱ ሄዱ። አባት ግን ከግቢው በር አላለፈም። ውስጥ ያሉት ሁሉ የእሱን ልጅ የመሰሉ ልጆች ስለሆኑ ታጥቦ ቢመጣም ዘበኛው ልብሱን አሽትቶ መለሰው። እውነቱ ሁሉ ውስጥ ሲነገር እሱ አጥር ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ግማሾቹ ልጆች እውነተኛውን የኦቾሎኒ ዱቄት ይወስዳሉ» አለች ሐኪሟ ለእናት። «ግማሾቹ የአጃ ዱቄት ነው የሚወስዱት፤ እሱ ባዶ ነው። ካላነጻጸርን መሥራቱን በምን እናውቃለን? ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደደረሰው ግን እኔም አላውቅም።»

«የአጃው ቢደርሳትስ፣ ዶክተር?»

«ምርምሩ ሲያልቅ እውነተኛውን እንሰጣታለን። እስከዚያ ከዱቄቱ ውጭ አንዲት ፍሬ እንዳያስነኳት። ይህ መርፌም ከልጅቷ እንዳይለይ፤ ትንፋሿ ካጠራት ጭኗ ላይ ይወጉላታል።»

እናት ወጣች። ባሏን ታውቀዋለች። «ግማሹ ባዶ ነው» ብትለው «ልጄ መሞከሪያ አይደለችም!» ብሎ የልጁን እጅ ይዞ እንደሚመለስ ታውቃለች። ስለዚህ ግማሹን ዋጠችው።

«ምን አሉሽ?»

«ኦቾሎኒውን በትንሽ በትንሹ እየሰጡ ያለማምዷታል አሉ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ይበሉ! በዚያች ዝምታ የገባው ከዝንብ የከፋ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ዱቄቱ በእርጎ ተበጥብጦ ይሰጣት ጀመር። መጠኑም ሐኪም ቤት ከሌሎቹ ልጆች ጋር እየተጨመረላት ሄደ። ሌሎቹን ልጆች አፋቸውን ያሳክካቸዋል፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፤ ፍንጭቴ ግን ምንም! አባት በደስታ የሚሆነውን አጣ። ምጣዱን እያገላበጠ ያንጎራጉር ጀመር። «ኦቾሎኒ የሚቆሉ ሰዎች ዘር ናት እኮ! በደሟ አለ!» እያለ ለደንበኞቹ ጉራውን ይነዛል። እናት ግን ሌሎቹን ልጆች ሲያሳክካቸው ባየች ቁጥር ልጇን አገላብጣ ታያታለች። «የእኔዋን ለምን አላሳከካትም?» መልሱን ልቧ ያውቀዋል። ዛሬ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ማታ ሲያንጎራጉር ትሰማውና ለነገ ታሳድረዋለች። ያን ዘፈን ማን ጨክኖ ያቋርጠዋል?

እሷ የተሰፉ የትምህርት ቤት ልብሶች ልታስረክብ ራቅ ወዳለ ሰፈር በሄደች ቀን፣ አባትና ልጅ ቤት ቀሩ። መርፌው እንደ ሁልጊዜው እናት ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ሳታስበው አብሯት ሄደ።

«አባዬ፣ ዛሬ ሱቅህን አሳየኝ።»

አየት አደረጋት። በየጠዋቱ ኦቾሎኒ ትበላ የለ? ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃል? እጇን ይዞ ወጣ።

ሱቋ ውስጥ ዓይኗ አላርፍ አለ። ምጣዱን፣ ጆንያውን፣ ኦቾሎኒው የሚሸጥባቸውን የወረቀት ጥቅልሎች አንድ በአንድ ነካካች። ከዚያ ዞር ብላ ወገቡ ላይ ተጠመጠመች፤ ሳሙና ሳሙና ሳይል! ሰውየው ዓይኑ እንባ ሞላ። አንዲት ትኩስ ፍሬ አንስቶ በጣቶቹ ፈተጋት፣ ልጣጯን እፍ ብሎ አበነነና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

አሸተተቻት። «የጠዋቱ እንዲህ አይሸትም፣ አባዬ።»

እግዚኦ! ሕፃኗ አወቀችው፤ እሱ ግን ሳቀ። «የእኔ የተቆላ ነዋ!»

በላችው። «ይጣፍጣል» አለች። ትንሽ ቆይታ ጉሮሮዋን ታክክ ጀመር። ከንፈሯ ቀላ፣ አበጠ። ደረቷ እንደ ወናፍ ወጣ ገባ ሲል ጭሱ አስሟን የቀሰቀሰባት መስሎት ከኪሷ የሚነፋውን መድኃኒት አውጥቶ ነፋላት። አንዴ፣ ሁለቴ። ውድ ጊዜ ሄደ። ሲገባው ታቅፏት መንገድ ላይ ወጣ፤ ሮጠ! በሮጠ ቁጥር ጥብቅ አድርጎ ያቅፋታል፤ ጥብቅ ባደረጋት ቁጥር ፊቷ ያ ሁሉ ብናኝ ያለበት ሸሚዙ ውስጥ ይቀበራል።

«አባዬ…» አለች በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ «…አልታጠብክም…»

ሌላ ቃል አልተናገረችም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ያ ዘበኛ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ግን ማንም ልብሱን አላሸተተም፤ መንገድ ለቀቁለት። ምን ያደርጋል! ፍንጭቴ ክንዱ ላይ ቀዝቅዛ ነበር።

ሐኪሟ ለሐዘን ስትመጣ እናት ከደጃፉ ቧንቧ አጠገብ አገኘቻት።

«የአጃው ነበር የደረሳት» አለች ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ። «ዛሬ ነው የነገሩን። ለአባቷም እኔው ልንገራቸው።»

እናት እግሯ ላይ ወደቀች። «ልጄን ቀበርኩ! ትዳሬንም አያስቀብሩኝ። ይሂዱ፣ ዶክተር፣ እባክዎ ይሂዱ።»

ሐኪሟ ሄደች። ውስጥ ደግሞ አባት መዳፎቹን ዘርግቶ ያፈጥጥባቸዋል። «በየቀኑ የምትበላውን እኔ ስሰጣት ለምን ገደላት? እጄ ነው! መርዙ እጄ ነው!» እያለ ግድግዳውን ይመታበታል። ሚስት ቁስሉን በጨርቅ ትጠቀልልለታለች። እውነቱን ግን አትነግረውም። ይህን ከፍቅር ትቆጥሩታላችሁ ወይስ ከጭካኔ? እሷ ራሷ አታውቅም።

ወራት አለፉ። ሌላ ሙያ የለውምና ምጣዱ ፊት ተመለሰ፤ ማንጎራጎሩ ግን ቀረ። አንዲት ሴት የፍንጭቴን እኩያ ይዛ መጣችና አንድ ጥቅልል ጠየቀችው።

«ይስማማታል፣ እህቴ?» አለ፤ ልጅ ይዞ የመጣን ሁሉ ሳይጠይቅ አይሸጥም።

«ድሮ አንዷ ፍሬ ትገድላት ነበር፣ ጋሼ። ያ ምርምር አዳናት! ዕድለኞች ነን፣ እውነተኛው ነው የደረሳት።»

«እውነተኛው?»

«ግማሾቹ ልጆች እኮ አጃ ነው የወሰዱት። ገና ሳይጀመር ለሁላችንም ተነግሮናል።»

ልጅቷ ፊቱ ቆማ ቆረጠመች። ቆረጠመችና ሳቀች። ገንዘቡን አልተቀበለም፤ ምጣዱን እሳት ላይ ትቶ ወጣ።

ደጃፉ ሲደርስ ቧንቧውን አልከፈተም። ሚስቱ ልብሱን በክንዷ እንደያዘች፣ ከነአቧራው ፊቷ ቆመ።

«ታውቂ ነበር?»

ልብሱ ከእጇ ወደቀ። «እምቢ ትላለህ ብዬ ነው… እንድትድን ብዬ… ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«እጄን ስረግም ታዪኝ ነበር?»

«አይህ ነበር።»

እንደሚመታት ጠበቀች። ቢመታት ደስ ባላት። እሱ ግን የወደቀውን ልብስ አነሳ፣ አራገፈ፣ መልሶ ክንዷ ላይ አስቀመጠላትና ወደ ቧንቧው ሄደ።

ዕድል የሚሉት ነገር ክፉ ነው። መርዝ ነኝ ብሎ ሳይሆን መድኃኒት ነኝ ብሎ ይገባል፤ ልጅን የሚቀጥፈውም በጠላት እጅ ሳይሆን በሚወዳት እጅ ነው። አባት ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ፣ ምርምሩ ሲያልቅ እውነተኛው ዱቄት ለፍንጭቴም ይደርሳት ነበር። ግን ማን ይንገረው፣ ማንስ ይጠብቅ?

አባት ዛሬም ከሥራ ሲመለስ በዚያ ቧንቧ ሥር ይታጠባል። ሚስቱ ዛሬም ልብሱን ይዛ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቆማለች። ተቀብሏት ያልፋል። ከማለፉ በፊት ግን ባዶውን መስኮት ቀና ብሎ ያይና ተመልሶ ጆሮውን ይታጠባል።