ከኋላዬ በሩን የዘጋው

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ በዛር፣ በጋኔን፣ በመንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ዕድሜዬን በሙሉ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ቤት ውስጥ ኮሽ ሲል "አይጥ ነው" ብዬ ተገላብጬ የምተኛ፣ ሚስቴ "አንተ እኮ ልብህ ድንጋይ ነው" የምትለኝ ዓይነት። ይህን የማወራችሁም እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ የሆነውን እንደሆነው እነግራችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉ።

ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ የተጀመረበት ሰሞን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ አልመጣልኝ ብሎ፣ ጉርድ ሾላ አባቴ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ክብሪት እሸጣለሁ። ሰይድ ይመር የሚለው ስሜ ቀበሌው መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ የሚጠበቀው መጠራቴ ብቻ ነው። በሰፈራችን ከዚያ መዝገብ የሚያስጥል አንድ መንገድ ይወራ ነበር፣ እሱም የአንድ ፋብሪካ የሩጫ ክለብ ውስጥ መግባት ነው፣ ክለቡ "ሯጫችን ነው" ብሎ ደብዳቤ ከጻፈልህ ቀበሌው ለጊዜው ይተውሃል ይባላል። ስለዚህ ሩጫ የጀመርኩት ስፖርት ወድጄ እንዳይመስላችሁ፣ ጦርነት ፈርቼ ነው፣ ደግሞ አላፍርበትም።

የምንሮጥበት ዙር ከላምበረት ተነስቶ የየካን ተራራ ይወጣና ከጀርባው በባህር ዛፉ ውስጥ ወርዶ፣ በኮተቤ በኩል ዞሮ እዚያው ላምበረት ይመልሳል። ዳገቱ ሳንባ ያስተፋል። ጫፉ ላይ በሁለት አለቶች መካከል አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ ማለፊያ አለች፣ ሰዉ "በር" ይላታል፣ እኛም በስሟ የተነሳ አንድ ልማድ ነበረን። በሯን ስናልፍ ከፊተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ተራ ቁጥሩን ይጮሃል፣ የመጨረሻው ደግሞ ቁጥሩን ጠርቶ "ተዘግቷል!" ይላል፣ ከኋላዬ ሰው የለም ማለቱ ነው፣ ክረምት ላይ በጉም ውስጥ ሰው እንዳይጠፋ የተዘየደ ዘዴ ነው። የመጨረሻውን ሯጭ "በር ዘጊ" እንለዋለን። ስድስት ነበርን፣ በር ዘጊው ማን እንደነበር መቼም መገመት አያቅታችሁም።

አሰልጣኛችን ጋሽ ደምሴ የድሮ ወታደር ነው፣ ነገር አያበዛም። ነሐሴ ውስጥ አንድ ዓርብ ሰብስቦን፣

"ነገ በር ዘግቶ የገባ ሰው ከሰኞ ጀምሮ ዓይኑን እንዳላየው። ለቀራችሁት ደብዳቤ ይጻፋል" አለ።

ማንም ወደ እኔ አልዞረም፣ ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር፣ አለማየታቸው ነው የከበደኝ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ጉሙ የሚገርም ነበር፣ ከፊቴ የሚሮጠው ታደሰ አንዳንዴ ጀርባው ጠፍቶ ተረከዙ ብቻ ይታየኛል። ዳገቱን ስናጋምስ ከኋላዬ የሸራ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፣ ጭቃ ላይ ጠብ፣ ጠብ። አልደነገጥኩም፣ "ልሞክር" እያለ ከመንገድ የሚቀላቀለን የሰፈር ልጅ ስለማይጠፋ እሱ ነው አልኩ። እንዲያውም፣ ወላሂ፣ ደስ አለኝ፣ ከእኔ የባሰ ደካማ ተገኘ ብዬ።

ግን ሯጭ እግር ይሰማል፣ ሥራው ነው። ከኋላህ ያለው ሰው የራሱ ርምጃ፣ የራሱ ትንፋሽ አለው። የዚህኛው እግር የሚያርፈው የእኔ እግር ሲያርፍ ነው፣ ሳፈጥን ይፈጥናል፣ ሳዘግም ያዘግማል፣ ትንፋሹ ግን የለም፣ በዚያ ዳገት ላይ ትንፋሹ የማይሰማ ሰው አይቼ አላውቅም። የጫማዬን ክር ለማጥበቅ ጎንበስ አልኩ፣ ቆመ። ዞር ብዬ አየሁ፣ ጉም ነው።

"ወንድሜ፣ እለፈኛ!" አልኩት። ሩጫዬን ስቀጥል ኮቴውም ቀጠለ።

ከዚያ በሯ ላይ ደረስን። ከፊት ኃይሉ "አንድ!" አለ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ታደሰ "አምስት!"፣ እኔ "ስድስት! ተዘግቷል!" አልኩ። አለቶቹን አልፌ ገና ሦስት ርምጃ ሳልሄድ ከኋላዬ፣ ጩኸት ያይደለ፣ አጠገቤ ተቀምጦ እንደሚያወራኝ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ፣

"ሰባት። ተዘግቷል" አለ።

"ሰይድ፣ አትቀልድ እንጂ!" አለ ታደሰ ከፊት ሆኖ፣ እየሳቀ።

የገደል ማሚቶ ነው እንዳትሉኝ፣ የገደል ማሚቶ ማስተማር እንጀራዬ ነው፣ ስድስት ያልከውን ስድስት ብሎ ይመልስልሃል እንጂ አንድ አይጨምርበትም። ያውም ልማዱን ከስድስታችንና ከጋሽ ደምሴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፣ ዞር ብዬ አለማየቴን ብቻ አስታውሳለሁ። ላምበረት ስደርስ ጋሽ ደምሴ አንድ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ሰዓቱን ይዞ ቆሟል፣ አምስቱ ገብተው ጎንበስ ብለው ይተነፍሳሉ። በቃህ ሊለኝ ነው ብዬ ፊቱ ቆምኩ። እሱ ግን በትከሻዬ አሳልፎ መንገዱን ያያል።

"አንዱ ቀርቷል እኮ" አለ። "ያውና መጣ።"

ዣንጥላውን ይዞ ወደ ጉሙ ገባ። የሚያናግረውን ሰው አላየሁም፣ የእሱን ድምፅ ግን ሁላችንም ሰምተናል፣ "አይዞህ ልጄ፣ ምን ይደረግ፣ ሕግ ሕግ ነው" ሲል። ብቻውን ተመልሶ መጣ።

"ነገርኩት። እሺ ብሎ ሄደ፣ ጨዋ ልጅ ነው" አለና ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ።

እዚያ ላይ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ፣ "ጋሼ፣ ስድስት ነን እኮ" ማለት። ታደሰ ትክ ብሎ አየኝ፣ እሱም የሚጠብቀው ይህንኑ ይመስለኛል። ብናገር የምባረረው እኔ ነኝ። የታሰረ የጫማ ክሬን ፈትቼ እንደገና ማሰር ጀመርኩ።

ሰኞ ደብዳቤው ማኅተም ተመታበትና አባቴ የክት ልብሱን ለብሶ ቀበሌ ይዞት ሄደ። ሲመለስ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነው፣ ሱቁን ዘግቶ እኔን ወደ ጓዳ አስገባኝ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ያለውን ቃል በቃል ነገረኝ፣

"ጋሽ ይመር፣ አሁን ይሄ ምን ያደርግልዎታል? ልጅዎ ቅዳሜ ረፋድ ራሱ መጥቶ ሄደ እኮ። ዝናብ ደብድቦታል፣ በሸራ ጫማ ነው የመጣው። ስሙን ስጠራ አቤት አለ፣ ፈረመ፣ መኪና ላይ ወጣ። አባትህን ልጥራልህ ብለው፣ ይተዉዋቸው፣ ያውቃሉ አለኝ።"

ቅዳሜ ረፋድ እኔ ሱቅ ውስጥ አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር፣ ሻዩን የቀዳልኝ ራሱ ነው።

"ፊርማውንም አሳይቶኛል" አለ አባቴ። "የአንተው ነው።"

"ታዲያ ምን አልከው አባዬ?"

"ምን እላለሁ? አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።"

በዚያው ሳምንት ቦሌ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ፣ ዘመተ የተባለ ሰው በሰፈሩ ሲንጎራደድ ቢታይ ከዳ ተብሎ ይታሰራልና። ለዚህ ሁሉ ማብራሪያ ፈልጌለታለሁ፣ ጸሐፊው ተሳስቶ ይሆናል፣ አንድ ቤት የሌለው ልጅ ስሜን ሰምቶ ይሆናል እያልኩ፣ ግን ያን ጊዜ ማን ነው በሰው ስም ሄዶ የሚዘምተው? አስረድቶ ያሳመነኝ ሰው እስካሁን የለም።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ ሲል ከሰሜን የተበተነው ጦር በእግሩ ወደ ከተማ ሲጎርፍ እኔ ላምበረት አስፋልቱ ዳር ሄጄ ቆምኩ፣ ሦስት ቀን። የሚያልፉትን ወታደሮች ፊት አንድ በአንድ አያለሁ፣ ጢማቸው ያደገ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ፣ አንዳንዱ ውኃ ሲለምን እሰጠዋለሁ፣ ዓይኑን አይቼ ወደሚቀጥለው እዞራለሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ፈልጎ መጣ።

"ማንን ነው የምትጠብቀው?"

"እኔ እንጃ።"

ከጎኔ ቆሞ እሱም ፊታቸውን ያይ ጀመር።

"ሰይድ" አለኝ በመጨረሻ፣ "ቢመጣ ልጄ ብዬ ቤት አስገባዋለሁ። እወቀው።"

እስኪመሽ አብረን ቆምን፣ የማውቀው ፊት ግን አላየሁም። ተያይዘን ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ዓይኑን ይጠርጋል፣ እኔ ደግሞ ባለመምጣቱ ቅልል ብሎኛል።