ደረቅ ሸሚዝ

ሟቹ ከላቦራቶሪው ደረጃ ሥር በጀርባው ወድቋል፤ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፣ ዓይኖቹ ተቃጥለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የትኛው የፋብሪካ ኬሚካል ዓይን እንደሚያጠፋ ሲፈትን የኖረ ሰው ነበር። ከቄራ በሚመጣ የበሬ ዓይን ላይ ያንጠባጥባል፣ ያጥባል፣ ከዚያ ብርሃን ያሳልፍበታል። ዓይኑ ከደፈረሰ ኬሚካሉ ክፉ ነው።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ይህን መርማሪ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፤ ከመናገር ማዳመጥ ይቀናዋልና።

የግቢው ዘበኛ እጁ በካቴና ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጠዋት ግቢው ውስጥ አብሮት የነበረውም እሱ ብቻ ነው።

«ትናንት ‹ዓይንህ ይጥፋ› ብለህ ረግመኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ። ጠጥተህ መጣህ ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። አፌን ይቁረጠው! እግዜር የእኔን ጸሎት ሰምቶ አያውቅ፣ ዛሬ ምን አስቸኮለው?»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ላብ አጥምቆታል። «አዲሱን የቅባት ማጽጃ ‹ለዓይን ለስላሳ ነው› በል ስለው እምቢ አለኝ፤ ተጨቃጭቀናል። ግን እኔ የደረስኩት ሴት ልጁ ከጮኸች በኋላ ነው።»

ልጅቷ የአባቷ ረዳት ነበረች። ጠዋት ገብታ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት።

«አባዬ ማልዶ ይገባል» አለች በሰለለ ድምፅ። «ማጽጃውን ሲከፍት ፈንጥቆበት ይሆናል።»

«የዓይን ማጠቢያው የት ነው?»

«በሩ አጠገብ። ዓይናችንን ጨፍነን እንድንደርስበት አለማምዶናል።»

መርማሪው ሄዶ አየው። እጀታው ላይ ማጽጃው የደረቀበት የጣት ምልክት ነጥቶ ይታያል። ሲጫነው ቧንቧው አየር ተፋ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ አወጣ፣ ከዚያ ጠራ። መርማሪው እጀታውን ለቀቀ። ልቡ ከፋው።

ሁሉንም ሰበሰባቸው። የሟቹ ሚስት፣ የልጅቷ እናትም መጥታለች።

«ይህን ሰው ማንም አልገፋውም» አለ። «ዓይኑ እንደተቃጠለ ማጠቢያው ጋ ደርሶ እጀታውን ተጭኗል። ሸሚዙን ግን ጠብታ አልነካውም፤ ውሃ አልነበረማ! ውጭ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሲዳብስ ደረጃው ጣለው። አሁን ግን ውሃ አለ። አየርና ዝገት የቀደመው፣ ቧንቧው ደርቆ ቆይቶ እንደገና ስለተከፈተ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጠቀመበት ሰው የለም። መዝጊያው ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ከጩኸቱ በኋላ ደግሞ ወደዚያ ከፖሊስ በቀር የገባ የለም። ስለዚህ ውሃውን የከፈተው፣ ሬሳውን አይቶ ገና ያልጮኸ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ልጅቷ መዞር አልፈለገም። እሷው ተናገረች።

«ማጠቢያው እየተንጠባጠበ የብርሃን መለኪያውን አበላሸብኝ። ማታ ስወጣ ዋናውን መዝጊያ ዘጋሁት። ጠዋት ቀድሜው ገብቼ ልከፍተው ነበር።»

«አጎትሽ ሲታሰርስ?»

«ዝም አልኩ። አባቴን ገድዬ፣ ብናገር እናቴንም የማጣት መሰለኝ።»

መርማሪው የዘበኛውን ካቴና ፈታ። ሰውየው አንጓውን እያሻሸ ወደ ልጅቷ ሲራመድ፣ ሁሉም እርግማን ነበር የጠበቁት።

«ጌታዬ» አለ ወደ መርማሪው ዞሮ፣ «ነገ አባቷን ትቅበር። ከቀብሩ በኋላ እኔው ይዣት እመጣለሁ። ዋስ የሚያስፈልግ ከሆነም አለሁ።»

እናትየው ያለቀሰችው ይኼኔ ነው።